ሳርኮዚ፣ የጋዳፊ ገንዘብ እና የ2007ቱ የፈረንሳይ ምርጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአንድ አገር መሪ ለምርጫ ከባዕድ መንግሥት እርዳታ ፈልጓል ሲባል በየአገሩ ብዙ ይወራል። ፍርድ ቤት ደርሶ ውሳኔ ያገኘ ጉዳይ ግን ጥቂት ነው። የፈረንሳይ የቀድሞ ፕሬዝዳንት የኒኮላ ሳርኮዚ ጉዳይ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ጫፍ ጫፉን ስለሆነ፣ ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመትና ወሩ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ከመሠረቱ ምንድን ነው?

ሳርኮዚ በ2007 በሁለተኛው ዙር ምርጫ ሴጎሌን ሯያልን በ53 በመቶ ድምፅ አሸንፈው ፕሬዝዳንት ሆኑ። ዐቃቤ ሕግ የሚለው ከዚያ በፊት ስለሆነው ነገር ነው። ሳርኮዚ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሳሉ የቅርብ ሰዎቻቸው ትሪፖሊ ድረስ ሄደው፣ ለምርጫ ዘመቻው ገንዘብ እንዲሰጣቸው ከሙአመር ጋዳፊ መንግሥት ጋር በድብቅ ተነጋግረዋል ይላል።

ምርመራው በ2013 ተከፈተ። ችሎቱ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 2025 ተሰማ። ሴፕቴምበር 25፣ 2025 የፓሪስ ፍርድ ቤት ሳርኮዚን ወንጀል ለመሥራት በማሴር ጥፋተኛ አላቸው። 5 ዓመት እስራት ፈረደባቸው፤ 100,000 ዩሮ ቀጣቸው። ለ5 ዓመትም ለሕዝብ ሥልጣን እንዳይወዳደሩ አገዳቸው። እሳቸው «ንጹሕ ነኝ» ብለው ይግባኝ ጠይቀዋል።

ጋዳፊ ለፈረንሳይ ምርጫ ገንዘብ መስጠት ለምን ያስፈልጋቸዋል?

ጋዳፊ ገንዘብ ሞልቷቸዋል። ያጡት ክብር ነበር። ሊቢያ ለዓመታት በማዕቀብና በመገለል ኖራለች። በ2003 ለሎከርቢው የአውሮፕላን ፍንዳታ ኃላፊነት ወሰደች፤ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ፕሮግራሟንም እንደምትተው አስታወቀች። ከዚያ በኋላ ጋዳፊ የፈለጉት በትልልቆቹ አገሮች ቤተ መንግሥት በፊት ለፊት በር መግባት ነበር። እኛም ይህን ጠባያቸውን እናውቀዋለን። በ2009 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሊቀመንበር ሲሆኑ «የነገሥታት ንጉሥ» መባል የሚወዱ ሰው ነበሩ።

ሳርኮዚ ከተመረጡ በኋላ የሆነውን እንይ። በጁላይ 2007፣ ገና ሥልጣን በያዙ በሁለት ወራቸው፣ ትሪፖሊ ሄዱ። በሰላማዊ የኑክሌር ኃይል ላይ አብሮ ለመሥራት የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። በዲሴምበር ደግሞ ጋዳፊ ፓሪስ ገቡና በመንግሥት እንግዳ ማረፊያው ግቢ ድንኳናቸውን ተከሉ። ጉብኝቱ በፈረንሳይ ብዙ ሰው አስቆጣ።

ይህ ሁሉ ብቻውን ወንጀል አይደለም። መንግሥታት ይጎበኛኛሉ፣ ይዋዋላሉ። ሳርኮዚም ጉዞው የቡልጋሪያ ነርሶች ከሊቢያ እስር ከመፈታታቸው ጋር የተያያዘ ነበር ይላሉ፤ ነርሶቹ በእርግጥ በዚያው ወር ተፈትተዋል። ችግሩ መራጩ የማያውቀው ውለታ ከጀርባ መኖር አለመኖሩ ላይ ነው። ውለታ ካለ፣ የአገሪቱን የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ማን እንደሚመራው መራጩ ማወቅ አይችልም።

አብዱላ ሰኑሲ ማን ናቸው? ስማቸው ለምን በየቦታው ይነሳል?

እኔ ከመዝገቡ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ክፍል ነው።

ሴፕቴምበር 19፣ 1989 ከብራዛቪል ተነስቶ በኒጃሜና በኩል ወደ ፓሪስ ይበር የነበረ ዲሲ 10 አውሮፕላን ኒጀር በረሃ ላይ በቦምብ ፈነዳ። የኩባንያው ስም ዩቲኤ፣ የበረራው ቁጥር 772 ነበር። የተሳፈሩት 170 ሰዎች በሙሉ አለቁ። 54ቱ ፈረንሳውያን ነበሩ፤ ከሟቾቹ መካከል ብዙ አፍሪካውያንም አሉ። በ1999 የፓሪስ ፍርድ ቤት ስድስት ሊቢያውያንን በሌሉበት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደባቸው። አንዱ የጋዳፊ ሚስት እህት ባል የሆኑት የደህንነት ሹሙ አብዱላ ሰኑሲ ናቸው። የእስር ማዘዣ ወጥቶባቸው ነበር።

እንግዲህ በ2005 የሳርኮዚ ቀኝ እጅ የነበሩት ክሎድ ጌያን፣ ቀጥሎም የቅርብ ወዳጃቸው ብሪስ ኦርትፎ፣ ትሪፖሊ ላይ የተገናኙት ከእኚህ ሰው ጋር ነው። የፈረንሳይ ፖሊስ የሚፈልገውን ሰው፣ ፖሊሱን ከሚያዝዘው ሚኒስቴር የመጡ ሹማምንት በድብቅ አነጋገሩት ማለት ነው። በፈረንሳይ ኤምባሲ በኩልም አልሄዱም። ሁለቱም አስቀድመን አላወቅንም፣ ያገናኘን ደላላ ዚያድ ታኪዲን ወጥመድ ውስጥ አስገባን ብለው ተከራክረዋል። ፍርድ ቤቱ ይህን ክርክር አልተቀበለም። እንደ ዐቃቤ ሕግ አባባል፣ ሰኑሲ በምላሹ የፈለጉት ፍርዳቸው እንዲነሳላቸው ነበር።

የሟቾቹ ቤተሰቦች በተበዳይነት ወደ ክሱ ገብተው ነበር። ችሎት ቀርበውም ተናግረዋል። ልጁን ወይም እናቱን በዚያ በረሃ ላይ ላጣ ሰው፣ የሞታቸው ፍርድ ለምርጫ ገንዘብ መደራደሪያ ቀርቦ ሊሆን ይችላል ብሎ መስማት ምን እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል። ስለ ውጭ ጣልቃ ገብነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ድምፅና ስለ ኮሮጆ ነው። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ግን ድምፃቸው ሳይሆን ፍትሓቸው ነው ገበያ ላይ የሚወጣው።

ገንዘቡ በዘመቻው ካዝና ካልተገኘ በምን ተፈረደባቸው?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። የሳርኮዚ ደጋፊዎችም ዋና መከራከሪያቸው ይኸው ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ሳርኮዚ የተከሰሱት በአራት ነገር ነበር። ጉቦ በመቀበል፣ የምርጫ ዘመቻን በሕገ ወጥ ገንዘብ በማካሄድ፣ የተመዘበረ የሊቢያ ሕዝብ ገንዘብን በመደበቅ እና ወንጀል ለመፈጸም በማሴር። ከሦስቱ ነጻ ተብለዋል። ጥፋተኛ የተባሉት በማሴሩ ብቻ ነው።

ፍርድ ቤቱ ያለው ይህን ነው። ገንዘብ ከሊቢያ ወጥቷል። በሚሊዮን የሚቆጠር ዩሮ ወደ ደላላው ታኪዲን ሂሳብ ገብቷል። ግን ያ ገንዘብ በመጨረሻ ለ2007ቱ ዘመቻ መዋሉን ማስረጃው አያሳይም። ስለዚህ በዘመቻ ገንዘቡ ክስ መፍረድ አይቻልም።

ማሴር ግን በፈረንሳይ ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሰዎች ከባድ ወንጀል ለመፈጸም ከተስማሙና ለዚያ የሚሆን ተጨባጭ ዝግጅት ካደረጉ በቂ ነው። የታቀደው ነገር መሳካት የለበትም። ባንክ ሊዘርፉ ተማክረው፣ መኪና አዘጋጅተው፣ በሩን ሲሰልሉ የተያዙ ሰዎች «ብሩን አልነካንም» ቢሉ ነጻ አይወጡም። ፍርድ ቤቱ ከ2005 እስከ 2007 ሳርኮዚ የቅርብ ሰዎቻቸው ከሊቢያ የገንዘብ ድጋፍ እንዲያፈላልጉ ፈቅደዋል ብሎ አምኗል። ጉዞዎቹን፣ ስብሰባዎቹን፣ የገንዘቡን መንገድ አንድ ላይ አስቀምጦ ነው እዚህ የደረሰው። ድርጊቱንም እጅግ ከባድ ብሎታል፤ ዜጎች በመሪዎቻቸው ላይ ያላቸውን እምነት የሚሸረሽር ነውና።

እኔ ይህ የሕግ መንገድ ትክክል ይመስለኛል። የጥሬ ገንዘብ ባሕርዩ ዱካ አለመተው ነው። የመጨረሻውን ሻንጣ ካላመጣችሁ ሰው አይጠየቅም ከተባለ፣ ሥራውን በደንብ የደበቀ ሁሉ ያመልጣል። በዚያው ልክ አደጋም አለው። «አስቦ ነበር» በሚል ብቻ ሰው እንዳይታሰር ፍርድ ቤት ተጨባጭ ዝግጅቱን አንድ በአንድ ማሳየት አለበት። የይግባኙ ዋና ክርክርም እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

50 ሚሊዮን ዩሮ የሚለው ሰነድስ?

በኤፕሪል 2012፣ ሳርኮዚ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ፣ ሜዲያፓርት የተባለው የፈረንሳይ የኢንተርኔት ጋዜጣ አንድ ሰነድ አወጣ። ሰነዱ በ2006 የተጻፈና በሊቢያው ባለሥልጣን በሙሳ ኩሳ የተፈረመ ነው ተባለ። ለዘመቻው 50 ሚሊዮን ዩሮ ለመስጠት መስማማትን ይናገራል። በ2007ቱ ምርጫ ለሁለተኛ ዙር የሚያልፍ እጩ እንዲያወጣ የሚፈቀድለት ጣሪያ 21 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ስለነበር ቁጥሩ በጣም ትልቅ ነው።

ሳርኮዚ ከመጀመሪያው ሐሰተኛ ነው አሉ። የ2025ቱ ፍርድ ቤትም ሰነዱ ሐሰተኛ የመሆን ዕድሉ ያመዝናል ብሏል። ፍርዱ ግን በዚህ ወረቀት ላይ አልቆመም። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «ሰነዱ ፎርጅድ ከሆነ ፍርዱም ፎርጅድ ነው» ሲል ይሰማል። ዳኞቹ የደረሱበት ድምዳሜ ያለ ሰነዱም የሚቆም ነው።

ሌላ ምን ማስረጃ ቀረበ?

የሊቢያ የነዳጅ ሚኒስትር የነበሩት ሹክሪ ጋኔም የግል ማስታወሻ ደብተር አንዱ ነው። ለሳርኮዚ ተከፈለ ስለሚባል 6.5 ሚሊዮን ዩሮ ይጠቅሳል። ጋኔም በኤፕሪል 2012 ቪየና ውስጥ ዳኑብ ወንዝ ላይ ሞተው ተገኙ።

ሌላው የክሎድ ጌያን ነገር ነው። በዘመቻው ወራት በአንድ የፓሪስ ባንክ ሰው ቆሞ የሚገባበት ትልቅ ካዝና ተከራይተው ነበር። የሳርኮዚን ንግግሮች ላስቀምጥበት ነው ብለዋል። ከዚያም በኋላ ፓሪስ ውስጥ አፓርታማ ሲገዙ 500,000 ዩሮ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ፣ ሁለት የቆዩ ሥዕሎች ሸጬ ነው አሉ። ፍርድ ቤቱ አላመናቸውም። 6 ዓመት ተፈርዶባቸዋል፤ በጤናቸው ምክንያት ወዲያው እንዲታሰሩ አልተደረገም። ኦርትፎ 2 ዓመት ተፈረደባቸው። የዘመቻው ገንዘብ ያዥ የነበሩት ኤሪክ ዎርት ግን ነጻ ወጥተዋል።

ምስክሩ ቃላቸውን ቀይረዋል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ታኪዲን በ2016 በካሜራ ፊት 5 ሚሊዮን ዩሮ በሻንጣ አድርጌ ከትሪፖሊ አምጥቻለሁ አሉ። በ2020 ካዱት። ብዙም ሳይቆዩ ደግሞ ክህደቱን ራሱን ካዱ። ሴፕቴምበር 23፣ 2025፣ ፍርዱ ከመሰማቱ ሁለት ቀን በፊት፣ ቤይሩት ውስጥ ሞቱ።

በ2020 ቃላቸውን የቀየሩት ተደልለው ነው በሚል ሌላ ምርመራ ተከፍቷል። በዚህኛው መዝገብ ሳርኮዚም ባለቤታቸው ካርላ ብሩኒም ስማቸው ገብቷል። ሁለቱም ክሱን አይቀበሉም። እንዲህ ያለ ምስክር ላይ ብቻ ተመሥርቶ መፍረድ ስለማይቻል ነው ዳኞቹ የባንክ ወረቀትና የጉዞ መረጃ ላይ ያተኮሩት።

ጋዳፊን የወጉት ሳርኮዚ አይደሉም እንዴ? ማስረጃ ለማጥፋት ነው የሚባለውስ?

በማርች 2011 የሊቢያን የሽግግር ምክር ቤት ቀድማ እውቅና የሰጠችው ፈረንሳይ ናት። የአየር ጥቃቱንም ከፊት ሆነው ከመሩት አንዷ ነበረች። በዚያው ወር የጋዳፊ ልጅ ሴይፍ አል ኢስላም በቴሌቪዥን ቀርቦ ዘመቻውን የከፈልነው እኛ ነን፣ ገንዘባችንን ይመልስ አለ። ጋዳፊ ኦክቶበር 20፣ 2011 ተገደሉ።

ከዚህ ተነስቶ ጦርነቱ ገንዘቡን ለመሸፈን ነው የሚሉ አሉ። ይህን ያረጋገጠ ፍርድ ቤት የለም። ሳርኮዚ ደግሞ ያንኑ ጦርነት ለመከላከያቸው ይጠቀሙበታል፤ የጋዳፊ ወገኖች ሊበቀሉኝ የፈጠሩት ነው ይላሉ። ቀኖቹ መቀራረባቸው ለሁለቱም ወገን ታሪክ ይመቻል። ማስረጃ ግን አይሆንም። በዚያ ጦርነት ማግሥት ሊቢያ ውስጥ የደረሰውን፣ ስደተኞቻችን ላይ የወረደውን መከራ ሳስብ ጥያቄው ለምን እንደሚያንገበግብ ይገባኛል። ቢሆንም ያልተረጋገጠን ነገር እንደተረጋገጠ መናገር አልፈልግም።

ለምን ይህን ያህል ዓመት ፈጀ?

የመጀመሪያው ምክንያት ያለመከሰስ መብት ነው። በፈረንሳይ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 67 መሠረት ፕሬዝዳንት በሥልጣን ላይ እያለ አይከሰስም፣ ለምስክርነትም አይጠራም። ሥልጣኑ ካበቃ ከአንድ ወር በኋላ ግን በሩ ይከፈታል። ሳርኮዚ በሜይ 2012 ነው የወረዱት። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ያለፈባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ሊቢያ ውስጥ መንግሥት ፈርሷል። ከየአገሩ ባንክ ወረቀት ማስመጣት ዓመታት ይፈጃል። ተከሳሾችም በየደረጃው ይግባኝ ብለዋል፤ መብታቸው ነው።

አሁንም ሥልጣን ላይ ቢሆኑ ኖሮስ?

በፍርድ ቤት ምንም አይሆኑም ነበር። የሚቀረው ፓርላማው ነው። በአንቀጽ 68 መሠረት ፓርላማው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ፕሬዝዳንትን ከሥልጣን ማንሳት ይችላል። እስካሁን በዚህ መንገድ የተነሳ የለም።

አሜሪካም ተመሳሳይ ግድግዳ አለ። በ2016ቱ ምርጫ የሩሲያን ጣልቃ ገብነት የመረመሩት ሮበርት ሙለር፣ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዝዳንትን መክሰስ የፍትሕ ሚኒስቴሩ መመሪያ እንደማይፈቅድ በ2019 ሪፖርታቸው ጽፈዋል። ሩሲያ በሰፊው ጣልቃ መግባቷን አረጋግጠዋል፤ የትራምፕ ዘመቻ ከሩሲያ መንግሥት ጋር ማሴሩን ግን ማስረጃው አላረጋገጠም ብለዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ትራምፕ በዩክሬን ጉዳይ በተወካዮች ምክር ቤት ተከሰሱ። ክሱ በ2020ው ምርጫ የውጭ አገር እርዳታ ጠይቀዋል የሚል ነበር። ሴኔቱ በፌብሩዋሪ 2020 ነጻ አላቸው። ፓርላማ ዳኛ ሲሆን የመቀመጫ ቁጥር ይወስናል። ለዚህ ነው የፈረንሳዩ መዝገብ ከእነዚህ የሚለየው፤ ማስረጃውን የመዘኑት ከፓርቲ ውጭ ያሉ ዳኞች ናቸው።

ይግባኝ እያለ ለምን ታሰሩ?

ፍርድ ቤቱ ቅጣቱ ይግባኝ ሳይጠበቅ እንዲፈጸም ስላዘዘ ነው። ሳርኮዚ ኦክቶበር 21፣ 2025 ፓሪስ ወደሚገኘው ላ ሳንቴ እስር ቤት ገቡ። በአምስተኛው ሪፐብሊክ (ከ1958 ወዲህ ባለው የፈረንሳይ ሥርዓተ መንግሥት) ታሪክ እስር ቤት የገባ የመጀመሪያው የቀድሞ ፕሬዝዳንት ናቸው። ከ20 ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 10፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለቀቃቸው። ሲለቀቁ ከፈረንሳይ እንዳይወጡ ታገዱ።

ይህ ወዲያው የማሰር ትእዛዝ ብዙ አከራክሯል። እኔ ይግባኙን ቢጠብቁ ይሻል ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ። ሰውየው ያኔ የ70 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ በየቀጠሮው ቀርበዋል። በሌላ በኩል ግን በፈረንሳይ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለተራ ሰው በየቀኑ የሚሰጥ ነው። ለፕሬዝዳንት ሲሆን ብቻ መደንገጥም ልክ አይደለም።

የፖለቲካ በቀል ነው የሚሉት እውነት አላቸው?

ከአራቱ ክስ በሦስቱ ነጻ ያለ ፍርድ ቤት በቀል ፈልጓል ማለት ይከብዳል። ፍርዱን መተቸት ይቻላል፤ የፈረንሳይ ጠበቆችም በብዛት ተችተውታል። ከፍርዱ በኋላ ግን ችሎቱን በመሩት ዳኛ ላይ የግድያ ዛቻ ደርሷል። የፓሪስ ዐቃቤ ሕግ ምርመራ ከፍቷል። ይህ በምንም ሰበብ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዳኛ ፈርቶ የሚፈርድበት አገር መሪውን ሊጠይቅ አይችልም።

ፈረንሳይ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ለእጩ ገንዘብ ብሰጥ «የውጭ ጣልቃ ገብነት» ይባላል?

አይባልም። በፈረንሳይ ሕግ ዜግነት ባይኖርዎትም ነዋሪ ከሆኑ ለእጩ ገንዘብ መስጠት ይችላሉ። ለአንድ ምርጫ ጣሪያው 4,600 ዩሮ ነው። ከ150 ዩሮ በላይ ከሆነ በጥሬው አይሰጥም፤ በባንክ ወይም በቼክ ይሁን። የተከለከሉት የውጭ መንግሥታት፣ ኩባንያዎችና ማኅበራት ናቸው። አሜሪካ ያላችሁም፣ ግሪን ካርድ ካላችሁ መስጠት ትችላላችሁ፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን አይችልም። የሌላ ሰው ገንዘብ በራስ ስም መስጠት በሁለቱም አገር ወንጀል ነው። ማንም ወዳጅ «በስምህ ላስገባልህ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

ይግባኙ ከማርች 2026 ጀምሮ እንዲሰማ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። ይግባኝ ማለት ጉዳዩ እንደገና ከሀ ይጀመራል ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ስላለ፣ ሳርኮዚ ነጻ የተባሉባቸው ሦስት ክሶችም ተመልሰው ይታያሉ። የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ በዚህ ጉዳይ በሕግ ዓይን ንጹሕ ናቸው። ይህን ስታነቡ ውጤቱ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል አዲሱን ዜና ተመልከቱ። ከይግባኙ በኋላ የሰበር ችሎት አለ። የምስክሩ ቃል መለወጥ መዝገብ ደግሞ ለብቻው ይሄዳል።